ድምፅ ሰጥቶ ዝም ማለት

በግንቦት 2002 ዓ.ም. ከተመዘገበው መራጭ ከ90 ከመቶ በላይ የሚሆነው ወጥቶ ድምፅ ሰጠ። ከ547ቱ የተወካዮች ምክር ቤት ወንበሮች ለተቃዋሚ የደረሰው አንድ፣ ለግል ተወዳዳሪም አንድ ብቻ ነበር። በግንቦት 2007 ዓ.ም. የወጣው መራጭ አሁንም ከ90 ከመቶ አልፏል፤ እነዚያ ሁለት ወንበሮችም ቀርተው 547ቱ በሙሉ ለገዥው ኢሕአዴግና ለአጋሮቹ ሆኑ። ስድስት ወር ቆይቶ ኦሮሚያ በተቃውሞ ተነሣ። በቀጣዩ ክረምት ጎንደር፣ ደብረ ታቦርና ባሕር ዳር ተከተሉ።

ይህን ያየ ታዛቢ ግራ ቢገባው አይፈረድበትም። የፖለቲካ ተሳትፎ የሚለካው በወረፋ ርዝመት ከሆነ፣ ከመራጩ ግማሽ ያህሉ እንኳ ለፓርላማ ምርጫ የማይወጣባት ስዊዘርላንድ ከኢትዮጵያ ኋላ ትቀራለች ማለት ነው። ሙስናና የአምባገነን አገዛዝ ትዝታ ሰውን ከፖለቲካ ያርቃል ሲባል አብዛኛው ሰው የሚታየው ባዶ የምርጫ ጣቢያ ነው። በአማራ ክልል ገጠር የሆነው ግን ሌላ ነው። ገበሬው ከምርጫ ጣቢያ አልራቀም። የራቀው ስብሰባ ላይ ተነሥቶ ከመናገር፣ ኮሚቴ ከመሆን፣ “የተዋጣው ገንዘብ የት ገባ?” ብሎ ከመጠየቅ ነው።

ነገሩን ከአዲስ አበባ ይልቅ ከአንድ ደጋ ወረዳ ማየት ይሻላል። ንፋስ መውጫ ከወረታ ወደ ወልዲያ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ 3 ሺህ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠች የላይ ጋይንት ወረዳ ከተማ ናት። ጎረቤቶቿ ታች ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ናቸው። ደጋው ገብስና ድንች ያበቅላል፤ ቆላው ወደ ተከዜና ወደ በሽሎ ገደሎች ይወርዳል። ይዞታው ጠባብ፣ አፈሩ የታጠበ፣ ዝናቡም የማይታመን ስለሆነ ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ የምግብ ዋስትናቸው ካልተረጋገጠ ወረዳዎች ተርታ ከተመደቡ ቆይተዋል።

እንዲህ ባለ አገር ገበሬው ከመንግሥት ጋር የሚገናኘው በፓርላማ አይደለም፤ በቀበሌ ነው። ማዳበሪያና ምርጥ ዘር የሚመዘገበው በቀበሌ ነው። ድንበር ሲገፋ፣ ውርስ ሲነሣ፣ የመሬት ደብተር ሲጠፋ መጀመሪያ የሚኬደው ወደዚያው ነው። ልጅ ሥራ ፍለጋ ሲወጣ መታወቂያ፣ ባለጉዳይ ወደ ወረዳ ሲሄድ መሸኛ ደብዳቤ ያስፈልገዋል። በበጋ የተፋሰስ ሥራ ዘመቻ ማን ቀረ፣ ማን ተገኘ ብሎ ስም የሚጠራው፣ መዋጮ የሚሰበስበው፣ ድርቅ ሲገባ የእርዳታ ዝርዝር የሚያወጣውም ቀበሌ ነው። ከእነዚህ አንዱ እንኳ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም።

ከሁሉም የሚከብደው የሴፍቲኔት ዝርዝር ነው። መርሐ ግብሩ የተጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነበር። ሥራ መሥራት የሚችል ቤተሰብ በአባላቱ ቁጥር ልክ ለእያንዳንዱ በወር አምስት ቀን እርከን ይሠራል፣ መንገድ ይጠርጋል፤ በቀን 3 ኪሎ እህል ወይም ለዚያ የሚሆን ገንዘብ ይቀበላል። ጉልበት የሌላቸው ሽማግሌዎችና ሕመምተኞች ያለ ሥራ ይረዳሉ። ማን ይገባል፣ ማን ይቀራል የሚለውን የሚወስነው ከአካባቢው የተውጣጣ ግብረ ኃይል እንደሆነ መመሪያው ይናገራል፤ ቅር ያለው ሰው አቤት የሚልበት ኮሚቴም አለ። በወረቀት ላይ የተሻለ አሠራር ማሰብ ያስቸግራል። ችግሩ መልማዩም፣ ቅሬታ ሰሚውም፣ የቀበሌው ሊቀ መንበርም ብዙ ጊዜ የሚውሉት በአንድ ቢሮ፣ በአንድ የፓርቲ መሠረታዊ ድርጅት ስብሰባ ላይ መሆኑ ነው።

ስሙ የተዘለለ ገበሬ ሁለት መንገድ አለው። አንዱ ስብሰባ ላይ ተነሥቶ ቅሬታውን መናገር ነው። ሌላው ሲመሽ ወደ ሊቀ መንበሩ ቤት ጎራ ማለት ነው። በመጀመሪያው መንገድ ቢያሸንፍ እንኳ በሚቀጥለው ዓመት ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ድንበር፣ ስለ ልጁ መታወቂያ የሚለምነው ያንኑ ሰው ነው። ሁለተኛው ይረክሳል። ዋጋው ሁልጊዜ ብር አይደለም፤ የአንድ ቀን እርሻ፣ የጠላ ግብዣ፣ ሊቀ መንበሩን ለልጅ ክርስትና አበ ልጅ ማድረግም ሊሆን ይችላል። ብዙ ሰው ይህን ጉቦ ብሎ አይጠራውም፤ “ሰው መያዝ” ነው የሚለው።

የሙስናው ክፉ ጉዳት ያለው እዚህ ላይ ይመስላል። የተሰረቀው ገንዘብ ይጎዳል፤ ከዚያ በላይ የሚጎዳው ግን የጋራ ጥያቄ ወደ ግል ጉዳይ መለወጡ ነው። ሃያ ሰው በአንድ ዓይነት በደል ቢበደል ሃያዎቹም በየፊናቸው “ሰው ይይዛሉ” እንጂ አንድ ላይ ተነሥተው አይጠይቁም። አንድ ላይ የተነሣ ሰው ደግሞ ጠያቂ አይባልም፤ “ቀስቃሽ” ይባላል።

ፍትሐዊ ለመሆን መጨመር የሚገባ ነገር አለ። የዓለም ባንክ በ2012 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ሙስና ላይ ያወጣው ሰፊ ጥናት እንደ ገጠር ውኃ ባሉ መሠረታዊ አገልግሎቶች ላይ የሚታየው ዝርፊያ ከብዙ አገሮች ጋር ሲነጻጸር አነስተኛ መሆኑን ጽፏል። በጣም የሚያሰጋው በመሬት አስተዳደርና በመሳሰሉት ዘርፎች ያለው ነው አለ። የገጠር ጉድጓድ ብዙ ጊዜ በእርግጥ ተቆፍሯል፤ ትምህርት ቤቱም ተሠርቷል። ስለዚህ “ሁሉም ሌባ ነው” የሚለው የሻይ ቤት ፍርድ የገጠሩን ሁኔታ አይገልጽም። ገጠሩን የሚገልጸው በአንድ ሰው እጅ የተከማቸ፣ ጠያቂ የሌለው የመምረጥ ሥልጣን ነው።

ይህ ሥልጣን እንዴት እዚህ ደረሰ? ታሪኩ ከቀበሌ በፊት ይጀምራል። በ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት መሠረት ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. የመጀመሪያውን የፓርላማ ምርጫ ስታካሂድ ፓርቲ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ለመወዳደር ደግሞ ንብረት ያስፈልግ ነበር። ገበሬው ለመንግሥት መልስ የሰጠው በድምፅ መስጫ ሳይሆን በአመፅ ነው። ለዚህ የቅርቡ ምስክር በአዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት ጎጃም በ1960 ዓ.ም. መሸፈቱ ነው።

ደርግ ሲመጣ ነገሩ ለጥቂት ጊዜ የተለወጠ መሰለ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው አዋጅ በ800 ሄክታር አንድ ገበሬ ማኅበር እንዲቋቋም አዘዘ። ለብዙ ጭሰኛና አነስተኛ ገበሬ በሕይወቱ የመጀመሪያው የራሱ ምርጫ ይህ ነበር፤ መሬት የሚያከፋፍለውን ሰው እጁን አውጥቶ መረጠ። በዚያው ዓመት የተቋቋሙት የከተማ ቀበሌዎችም በነዋሪ የሚመረጡ ነበሩ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ቀበሌው ጠመንጃና እስር ቤት ያለው ተቋም ሆነ፤ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. የቀይ ሽብር መሣሪያ ሆኖ አገለገለ። የገጠሩ ገበሬ ማኅበር ደግሞ ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ኮታ የሚሰበስብ፣ ከ1975ቱ የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ በኋላም ልጅ መርጦ የሚልክ ሆነ። በጥር 1979 ዓ.ም. ሕዝበ ውሳኔ ተደረገና 81 ከመቶ የሚሆነው አዲሱን ሕገ መንግሥት ደገፈ ተባለ። ከአራት ዓመት በኋላ ለዚያ ሕገ መንግሥት የሚቆም ሰው አልተገኘም።

ወንበር ላይ የነበረ ሁሉ ጨካኝ ነበር ማለት አይደለም። ብዙው ጎረቤቱ “አንተ ትሻላለህ፣ ፊደል ቆጥረሃል” ብሎ የመረጠው ሰው ነው። ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ፣ የፍርድ ሸንጎ አባል ሆኖ አገልግሏል። የእነዚህ ሰዎች ዕጣ ለሚቀጥለው ትውልድ ተሳትፎ ትልቁ ትምህርት ሆነ። ትምህርቱ የመጣው ደግሞ በጦርነት ጊዜ ሳይሆን በሰላም ጊዜ ነው፤ በ1989 ዓ.ም.።

በዚያ ዓመት የአማራ ክልል የገጠር መሬት ለመደልደል አዋጅ አወጣ። ኢሕአዴግ ቀደም ብሎ በያዛቸው የወሎና የሌሎች አካባቢዎች ቀበሌዎች መሬት በ1983 ዓ.ም. አካባቢ ተደልድሎ ነበር፤ አሁን ተራው በጎጃም፣ በጎንደርና በሰሜን ሸዋ የቀሩት ቦታዎች ነበር። ዓላማው መሬት ላጡ ወጣቶችና በራሳቸው ለሚኖሩ ሴቶች ድርሻ መስጠት ነበር፤ ብዙ ሴቶችም በእርግጥ በስማቸው መሬት አገኙ። ይህን መካድ አይቻልም። ነገር ግን ድልድሉ ገበሬውን በታሪኩ ከፋፈለው። በንጉሡ ዘመን ሹም የነበረ ወይም ከባላባት የተወለደ “ቅሪት ፊውዳል” ተባለ። በደርግ ጊዜ በገበሬ ማኅበር ኃላፊነት የነበረ ደግሞ “ቢሮክራት” ተባለ። ሌላው እስከ 3 ሄክታር መያዝ ሲችል ለእነዚህ የተፈቀደው ከ1 ሄክታር፣ ማለትም ከአራት ጥማድ አይበልጥም። ከዚያ በላይ ያለው ተወሰደ፤ ብዙ ጊዜም የተወሰደው ደህናው ማሳ ነበር።

አንዳንዶቹ ቢሮክራት የተባሉት ሰዎች ለጥቂት ወራት ብቻ ያገለገሉ ነበሩ። የኖርዌዩ የታሪክ ተመራማሪ ስቫይን ኤጌ በዚያው ሰሞን ስለ ድልድሉ ጥናት አሳትሟል፤ ውሳኔው ከላይ የመጣና በዝግ የተዘጋጀ እንደነበር ያሳያል። ከጎጃም ተነሥተው አቤቱታ ይዘው አዲስ አበባ የዘለቁ ገበሬዎች ነበሩ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በመጋቢት 1989 ዓ.ም. ድልድሉን ለመቃወም ሰልፍ ቢወጡ በብዛት ታሰሩ። ቀደም ሲል በ1984 ዓ.ም. የተመሠረተው የመላው አማራ ሕዝብ ድርጅት መሪ ፕሮፌሰር አስራት ወልደየስም በ1986 ዓ.ም. ወኅኒ ወርደው ነበር።

ገበሬው ከዚህ ያገኘው ትምህርት ማንም ካድሬ በስብሰባ ሊያስተምረው ከሚችለው የጠለቀ ነው። መሬት የተወሰደበት ሰው ስለ ሰረቀ ወይም ስለ ገደለ አልተቀጣም። የተቀጣው በሕዝብ ተመርጦ ስላገለገለ ነው። ከዚያ በኋላ በአማራ ገጠር “ኮሚቴ ሁን” ሲባል አንገቱን የሚደፋ ሰው ቢበዛ ምን ይደንቃል? ሥርዓት ሲለወጥ ወንበር ላይ የተገኘ ሰው መሬቱን እንደሚከፍል የአባቱን ማሳ ገመድ ሲጣልበት ያየ ልጅ ያውቃል።

ሆኖም ፍርሃት ብቻውን ሁሉን አይገልጽም። በ1997 ዓ.ም. ፍርሃቱ የረገበ ሲመስል የሆነውን ማስታወስ ይገባል። የምርጫው ክርክር በቴሌቪዥንና በሬዲዮ ቀጥታ ተላለፈ፤ ሚያዝያ 30 ቀን መስቀል አደባባይ ከዚያ በፊት ባልታየ ሕዝብ ተሞላ። ከ80 ከመቶ በላይ የሚሆነው መራጭ ድምፅ ሰጠ። ተቃዋሚው ቅንጅት በአዲስ አበባ 23ቱንም የተወካዮች ምክር ቤት ወንበሮች ወሰደ፤ በአማራ ክልል ገጠርም የኢሕአዴግ አባል የነበረው ብአዴን ያላሰበውን ብዙ ወንበር አጣ። “የአማራ ገበሬ ለሹም መገዛት ባህሉ ነው” ለሚል ሰው ይህ ምርጫ መልስ ነው። ሁለት እውነተኛ አማራጭ ሲያይ መረጠ።

የተከተለው ግን የ1989ኙን ትምህርት አጸናው። በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 ዓ.ም. በተነሣው ግጭት 193 ሰላማዊ ሰዎች መገደላቸውን ፓርላማው ራሱ ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን አረጋገጠ። የቅንጅት መሪዎች ታሰሩ። ከዚያ ኢሕአዴግ ራሱን በገጠር እንደ አዲስ አደራጀ። ከምርጫው በፊት ከአንድ ሚሊዮን በታች የነበረው የአባላቱ ቁጥር በ2002 ዓ.ም. ወደ 5 ሚሊዮን ደረሰ። በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. በተደረገው የአካባቢ ምርጫ የቀበሌ ምክር ቤቶች እስከ 300 አባል እንዲይዙ ተደርገው በአገሪቱ 3.6 ሚሊዮን ገደማ ወንበር ተዘጋጀ፤ ከሞላ ጎደል ሁሉንም ገዥው ወገን ወሰደ። አንድ ሺህ አባወራ ባለበት ቀበሌ 300 ተመራጭ ማለት ከየሦስት ቤት አንድ ማለት ይቻላል። በቁጥር ካየነው ኢትዮጵያ እንዲህ “ተሳትፋ” አታውቅም። ከዚያም የልማት ቡድንና አንድ ለአምስት መጡ፤ አምስት አባወራ በአንድ መሪ ሥር ስለ ማዳበሪያ አጠቃቀም ይወያያል፣ ስለ መጸዳጃ ቤት ይወያያል፣ ምርጫ ሲደርስም ስለ ምርጫ ይወያያል።

ሂዩማን ራይትስ ዋች በጥቅምት 2010 እ.ኤ.አ. ያወጣው ዘገባ በአማራ፣ በኦሮሚያና በደቡብ ክልሎች የተቃዋሚ ደጋፊ የተባሉ ገበሬዎች ማዳበሪያ፣ ብድርና ሴፍቲኔት እንደተከለከሉ ምስክርነት ሰብስቧል። መንግሥት ዘገባውን ውድቅ አደረገ። ለጋሽ አገሮች በበኩላቸው መርሐ ግብሮቹ በቂ መቆጣጠሪያ አላቸው አሉ። በእርግጥም ተቃዋሚ በመሆኑ ብቻ ዝርዝር ውስጥ ያልገባው ሰው ቁጥር ስንት እንደሆነ መናገር አይቻልም፤ ምናልባት ብዙ ላይሆን ይችላል። ብዙ መሆንም አያስፈልገውም። በአንድ ቀበሌ አንድ ሰው ቢቀር ቀሪው ይማራል።

በ2005 ዓ.ም. አፍሮባሮሜትር በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ የሕዝብ አስተያየት ሲሰበስብ የተገኘው ውጤት ተመራማሪዎቹን ራሳቸውን አስገረመ። ኢትዮጵያውያን ለአገራቸው ዴሞክራሲ የሰጡት ውጤት በአፍሪካ ከፍተኛ ከሚባሉት አንዱ ሆነ። ሮበርት ማተስና ሙሉ ተካ ይህንኑ በመረመረ ጽሑፋቸው ምክንያቱ ፍርሃት ነው፣ አለማወቅ ነው፣ ወይስ የተለየ የዴሞክራሲ ግንዛቤ ሲሉ ጠየቁ። ከተጠየቁት ብዙዎቹ ጠያቂውን የላከው መንግሥት ነው ብለው ያስቡ ነበር። ሲመሽ ወደ ሊቀ መንበሩ ቤት ጎራ የሚል ሰው ለማያውቀው መዝጋቢ ሆዱን ይከፍታል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው።

ስለ ሙስና የሚደረገው ዘመቻ ይህን ጥርጣሬ መስበር ነበረበት። የሆነው ተቃራኒው ነው። የሽግግሩ ዘመን ጠቅላይ ሚኒስትርና የብአዴን መሪ የነበሩት ታምራት ላይኔ በ1989 ዓ.ም. ከሥልጣን ተነሥተው በ1992 ዓ.ም. በሙስና 18 ዓመት ተፈረደባቸው። ሕወሓት ለሁለት በተሰነጠቀበት በ1993 ዓ.ም. የፌዴራል የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን ተቋቋመ፤ የተሸነፈው ወገን ሰው ስዬ አብርሃም በሙስና ታሰሩ። ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ ዋስትና ቢፈቅዱላቸው ፖሊስ ወዲያው መልሶ ያዛቸው፤ ሕጉም ለሙስና ተከሳሽ ዋስትና እንዳይኖር ሆኖ ተሻሻለ። ዳኛዋ ራሳቸው በኋላ የቅንጅት አመራር፣ እስረኛ፣ ስደተኛ፣ ቀጥሎም በ2011 ዓ.ም. የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆኑ። የገቢዎችና ጉምሩክ ባለሥልጣን ዋና ዳይሬክተር መላኩ ፈንታ በግንቦት 2005 ዓ.ም. በሙስና ታስረው በ2010 ዓ.ም. ተፈቱ፤ በ2014 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ሚኒስትር ሆኑ። በኅዳር 2011 ዓ.ም. የመንግሥት ኩባንያ የሆነው የሜቴክ ኃላፊዎች መታሰር በቴሌቪዥን ታየ፤ በኅዳር 2015 ዓ.ም. ደግሞ ሰባት አባላት ያሉት ብሔራዊ የፀረ ሙስና ኮሚቴ ተቋቋመ።

ከነዚህ ሰዎች ማን ሰረቀ፣ ማን አልሰረቀም የሚለው ለፍርድ ቤት ይተው። ተራው ሰው ያየው የክሱን ጊዜ ነው። ክስ የሚመጣው ሰውየው ከላይ ካሉት ጋር ሲጣላ ነው፤ ሲታረቅ ይፈታል። ስለዚህ የሙስና ዜና ሲሰማ “ማን ሊወድቅ ነው?” ይላል እንጂ “እኔስ የማየው ሌባ የት ልክሰሰው?” አይልም። ትራንስፓረንሲ ኢንተርናሽናል በሙስና መለኪያው በ2012 እ.ኤ.አ. ለኢትዮጵያ ከመቶ 33 ሰጥቷት ነበር፤ በ2024 ነጥቧ 37 ነበር። አሥራ ሁለት ዓመትና ያ ሁሉ ዘመቻ ያመጣው አራት ነጥብ ነው።

ይህ የኢትዮጵያ ብቻ ችግር አይደለም። አሜሪካዊው ማርክ ሞርጄ ሃዋርድ በ2003 ባሳተመው መጽሐፍ የቀድሞ ኮሚኒስት አገሮች ዜጎች ማኅበራትን የሚሸሹበትን ምክንያት ሲመረምር ከዋናዎቹ አንዱ ለአሥርት ዓመታት በግዴታ አባል መሆናቸው እንደሆነ ደርሶበታል፤ ነፃነት ሲመጣ የመጀመሪያ ነፃነታቸው አባል አለመሆን ሆነ። በሜክሲኮ በ2009 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች ከከንቲባ ምርጫ በፊት የማዘጋጃ ቤቶችን የገንዘብ ብክነት የሚያሳይ በራሪ ወረቀት በየቤቱ አደሉ። ሰው ተቆጥቶ ይወጣል ተብሎ ሲጠበቅ ከፍተኛ ብክነት በታየባቸው ቦታዎች ጭራሽ የመራጩ ቁጥር ቀነሰ፤ የተቃዋሚውም ድምፅ አብሮ ወረደ። ሁሉም አንድ ናቸው የሚል ስሜት ሲነግሥ መረጃ ብቻውን ወኔ አይሆንም።

ዩጋንዳ ግን ሌላ ነገር አሳየች። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ መንግሥት ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከሚልከው ገንዘብ ትምህርት ቤት የሚደርሰው ከሩብ በታች ነበር። የተላከው መጠን በጋዜጣ መታተምና በትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ መለጠፍ ከጀመረ በኋላ በ2001 ከ80 ከመቶ በላይ ደረሰ። ልዩነቱ ወላጁ ያወቀው “ባለሥልጣን ይሰርቃል” የሚለውን ሳይሆን ልጁ ለሚማርበት ትምህርት ቤት ስንት ሽልንግ እንደ ወጣ መሆኑ ነው። ቁጥር የያዘ ሰው ለመጠየቅ ጀግና መሆን አያስፈልገውም።

በአማራ ክልል የዚህ ዓይነት ነገር አንድ ጊዜ በትልቁ ተሞክሯል። በ1989 ዓ.ም. ገበሬውን ያስፈራው መሬት በ1995 ዓ.ም. አካባቢ መመዝገብ ሲጀምር አሠራሩ የተለየ ነበር። በስዊድን ድጋፍ በጎዛምንና በደሴ ዙሪያ ተሞክሮ ወደ ሌሎች ወረዳዎች ሲሰፋ በየቀበሌው የመሬት አስተዳደር ኮሚቴ ተመረጠ። ድንበሩ የሚለካው ጎረቤቶች በቆሙበት ነው። መዝገቡ ለሕዝብ ይታያል፤ ቅሬታ ያለው ይቃወማል። ደብተሩ ላይ የባልም የሚስትም ፎቶ ይለጠፋል። ጭቅጭቅ አልጠፋም፤ ኮሚቴው ውስጥም “ሰው የያዘ” ነበር። ቢሆንም ድምፁን ከፍ አድርጎ “ይህ ድንበር የኔ ነው” ያለ ሰው ከዚያ በፊት ከነበረው ይልቅ ተሰማ። ዝም ይላል የሚባለው ገበሬ መዝገቡ በፊቱ ሲዘረጋ አልተኛም።

ከዚያም በላይ ያው ገበሬ በእድሩ፣ በሰንበቴውና በጽዋ ማኅበሩ ዘንድ ሌላ ሰው ነው። የተዋጣው ገንዘብ ከጎደለ ገንዘብ ያዡን ያስቆማል፤ ሙሴው ካልተስማማው በሚቀጥለው ተራ ይቀይራል። ስለዚህ ጉዳዩን በባህል የሚያብራሩ ሰዎች አንድ ነገር ይጎድላቸዋል። እድሩ ማዳበሪያ አይከለክልም። ለዚህ ነው ሰው እዚያ የሚከራከረው።

በሐምሌና በነሐሴ 2008 ዓ.ም. ይህ ዝምታ በከተሞች ፈረሰ። ሐምሌ 24 ቀን ጎንደር በሰልፍ ተሞላች። ነሐሴ 1 ቀን ባሕር ዳር ውስጥ ቢያንስ 30 ሰዎች መገደላቸውን አምነስቲ ኢንተርናሽናል ዘገበ። መስከረም 2009 ዓ.ም. ሲያልቅ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ገዥው ፓርቲም “ጥልቅ ተሐድሶ” አውጆ ችግሩ የመልካም አስተዳደር እጦት ነው አለ። ምናልባት ከዚያ በፊት ስብሰባ ላይ ተነሥቶ ይህንኑ የተናገረ ሰው “ፀረ ልማት” ተብሎ ይሆናል።

በ2010 ዓ.ም. መጋቢት የመጣው ለውጥ ተስፋ ሰጠ፤ እስረኞች ተፈቱ፣ አፋኝ የሚባሉት የሲቪል ማኅበራትና የፀረ ሽብር ሕጎች ተሻሩ። ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ ኢሕአዴግን የተካው ብልጽግና ከተያዙት 436 ወንበሮች 410ሩን ወሰደ፤ የአማራ ብሔራዊ ንቅናቄ (አብን) በአገር አቀፍ ደረጃ ያገኘው አምስት ነው። ከዚያ ሁለት ወር ሳይሞላ፣ በነሐሴ መጀመሪያ፣ በሰሜኑ ጦርነት ንፋስ መውጫ በሕወሓት ኃይሎች ተያዘች። በዘጠኝ ቀን ገደማ ውስጥ በከተማዋ ሴቶች ላይ የተፈጸመውን አስገድዶ መድፈርና ዝርፊያ አምነስቲ በኅዳር 2014 ዓ.ም. በዘገባ አወጣ። የመረጡት ምክር ቤት ሊጠብቃቸው አልቻለም።

ጦርነቱ ቆሞ አንድ ዓመት ሳይሞላ በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ተነሣ። ክልሉ በ2015 ዓ.ም. ክረምት በማዳበሪያ እጥረት ሲታመስ ሐምሌ 28 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ከዚያ ወዲህ ደቡብ ጎንደርን ጨምሮ በብዙ ወረዳ የቀበሌ መዋቅር በፋኖ ታጣቂዎችና በመንግሥት ጦር መካከል ወድቋል። በአንድ ወገን የአስተዳደርና የፓርቲ ኃላፊዎች ይገደላሉ፤ በሌላው ወገን ፋኖን ረድታችኋል የተባሉ ይታሰራሉ። የቀበሌ ጸሐፊ መሆን ሕይወት የሚያስከፍል ሥራ ሆኗል። በ1989ኙ የሚሄደው ማሳ ብቻ ነበር።

በዚህ ሁሉ መሀል ጥቂት ሰው ያነሣው አንድ ጉዳይ አለ። በኢትዮጵያ ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ ውጭ የአካባቢ ምርጫ ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ነው። ያኔም 33 ፓርቲዎች አንሳተፍም ብለው ቀርተዋል። የተመረጡት የወረዳና የቀበሌ ምክር ቤቶች ዘመን በ2010 ዓ.ም. አበቃ፤ ምርጫው በጸጥታ ምክንያት ተላለፈ፣ እንደገናም ተላለፈ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 ሕዝብ እምነት ያጣበትን ተወካይ ከቦታው ማንሳት ይችላል ተብሎ ተጽፏል። በ2005 ዓ.ም. አሥራ ሰባት ዓመቱ የነበረ የላይ ጋይንት ልጅ በ2013 ዓ.ም. ሃያ አምስት ዓመት ሲሞላው ለፓርላማና ለክልል ምክር ቤት መምረጥ ከቻለ ቆይቷል። ማዳበሪያ የሚመዘግበውን፣ የሴፍቲኔት ስም የሚያወጣውን፣ ድንበሩን የሚዳኘውን ምክር ቤት ግን እስከዚያ ድረስ አንድም ጊዜ መርጦ አያውቅም።